እንግዳ ሲመጣ ዝም የሚለው ራዲዮ

ጀማሉ ከመርካቶ ወደ ቡታጅራ ሲመለስ ይዞ የመጣው አንድ ካቻቢቴ፣ በከሰል የሚግል አንድ መበየጃና ብዙ አፍ ነበር። ይበልጥ የጠቀመው አፉ ነው ብል ሐሜት አይሁንብኝ። አንድ አርመን ዘንድ ሦስት ዓመት ሙሉ ራዲዮ ሲፈታና ሲገጥም ቆይቶ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አገሩ ገባና ከመስጊዱ ዝቅ ብላ፣ በትልቅ ዋርካ ጥላ ሥር ያለች ወለሏ ሲሚንቶ የሆነ አንድ ክፍል ተከራየ። በሩ ላይ «ማንኛውም ራዲዮ ይድናል» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈ። «ይጠገናል» ማለት አንሶበት ነው። እንግዲህ ጉዳያችን ከእንዲህ ያለው ሰው ጋር ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ራዲዮዎቹ ይድኑለት ነበር። ከጥያ በበቅሎ ተጭኖ የመጣ ራዲዮ ሳይቀር ድኖ ተመልሷል። ጀማሉ የራዲዮውን ጀርባ ይፈታል፣ አቧራውን እፍ ይላል፣ የባትሪ ድንጋዩ የሚገባበትን ሽቦ በአልኮል ይወለውላል፣ እዚህም እዚያም ነካ ነካ ያደርጋል፣ ይገጥመውና መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ «ነገ ና» ይላል። በማግስቱ ራዲዮው ይናገራል። ባለቤቱ አፉን ይዞ ይቀርና «እጁ መድኃኒት ነው» እያለ ይሄዳል። ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ሊቅ ሲባል ውሎ ሲያድር ምን ያድርግ? ጀማሉም አመነ።

ሐጂ ሽፋ ደግሞ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ሚዛናቸው ትክክል፣ ቃላቸው አንድ፣ ቁጣቸው ግን እንደሚነግዱት በርበሬ ነው። መካ ደርሰው ሲመለሱ ከጂዳ አንድ የጃፓን ራዲዮ ይዘው መጡ፤ የቆዳ ልብስ ያለው፣ ሲከፍቱት ቀይ መርፌው የሚርገበገብ። አገር ምድሩ መጥቶ አየው። ባለቤታቸው እትዬ ዘይባም ራዲዮውን እንደ ዕቃ አላዩትም፤ ቅዱስ ምድር ረግጦ የመጣ እንግዳ አድርገው ተቀበሉት። ቬሉ ከሚሉት ለስላሳ ከፋይ ልብስ ሰፉለት።

ችግሩ የጀመረው አርብ አርብ ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰዎች ወደ ሐጂ ቤት ይመጣሉ፣ ቆጮው ይቀርባል፣ ራዲዮው ይከፈታል። ጠዋት ሐጂ ለብቻቸው ሲከፍቱት እንደ ጥሩምባ የሚጮኸው ራዲዮ፣ እንግዳ ፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ይናገርና ድምፁ ይጎረንናል፤ ከዚያ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያንኮራፋል፤ ከዚያ ጭጭ። ሐጂ መታ መታ ያደርጉታል። ጭጭ። እንግዶቹ ከጨዋነታቸው የተነሣ ዝምታውን ያዳምጣሉ።

ሁለት ጊዜ ለጀማሉ ላኩለት፤ ሁለት ጊዜም አዳነው። በመጀመሪያው ሐጂ ደስ ብሏቸው ሙክት ሰደዱለት፣ ጀማሉም ጎረቤቱን ጠርቶ በላ። በሦስተኛው ጊዜ ግን ራዲዮው ዝም ያለው ከወልቂጤ የመጡ የክብር እንግዶች ፊት ነበር፤ ያውም ሐጂ «የኔ ራዲዮ ካይሮን ይይዛል» ብለው በተናገሩ በአምስት ደቂቃው። አንደኛው እንግዳ «ካይሮ ዛሬ ዝግ ይሆናል» አላቸው። ቀለደ። በሐጂ ሽፋ ላይ ቀለደ!

ሐጂ የዚያን ዕለት ጁምዓ ላይ አብሯቸው ለሰገደ ሰው ሁሉ ተናገሩ። ያ ልጅ የጂዳውን ጥሩ ጥሩ ዕቃ ከሆዱ ጎልጉሎ አውጥቶ አሮጌ ነገር አጉሮበታል፣ ሌባ ነው አሉ።

ቡታጅራ ያን ጊዜ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ነገር ከላይኛው ጫፍ ተነሥቶ ታችኛው ጫፍ ለመድረስ ሻይ እስኪፈላ አይቆይም። በማግስቱ ጠዋት ጀማሉ ሱቁን ሲከፍት ሰፍያ የምትባል ሻይ ቤት ያላት ሴት መጣችና ራዲዮዋን ሳይድን ከመደርደሪያው አውርዳ ወሰደች። «አይ፣ እንዲሁ ይሻለኛል» አለች። ቀጥሎ አንድ ልብስ ሰፊ መጣ፤ እሱስ ራዲዮውን እዚያው ፈትቶ፣ ውስጡን ሳያውቀው ውስጡን መርምሮ፣ ጎድሎ እንደሆነ ለማወቅ በእጁ መዝኖ ሄደ። እስከ ቀትር መደርደሪያው ባዶ ሆነ።  ራዲዮ ሠሪ ያለ ሙያ ትንሽ ቀን ይኖር ይሆናል፤ ሌባ ከተባለ ግን ማን ሆዱ ተከፍቶ የሚታይ ዕቃ በእጁ ይሰጠዋል? እናቱስ ገበያ እንዴት ትወጣለች? ሽማግሌዎች እሑድ ጠዋት ሐጂ ግቢ ካለው ዛፍ ሥር ተሰብስበው ነገሩን እንዲያዩት ተባለ። በዚያ ቀን ወይ ስሙ ይነጻል ወይ ቡታጅራን ለቆ ይሄዳል።

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨነቀውና ያረጋል ዘንድ ሄደ። ያረጋል ከደብረ ማርቆስ የመጣ የሳይንስ አስተማሪ ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ አንድ ነገር ግን አለበት፤ ማስረዳት ከጀመረ የሚያስቆመው የለም። ተማሪዎቹ ደወል የሚደውለውን ዘበኛ በስሙ ይመርቁታል። ጀማሉ አንድ ራዲዮ እንዴት ሱቅ ውስጥ ደህና፣ ቤት ውስጥ በሽተኛ ሊሆን እንደሚችል ጠየቀው። ያረጋልም ፊቱ በራ፤ እንጨት አንሥቶ ግቢው አፈር ላይ ቁጢጥ አለ።

በዚያ በራዲዮው ሆድ ውስጥ ትራንዚስተር የሚሉት የምስር ፍሬ የምታህል ነገር አለች አለው። በውስጧ ጀርማኒየም የሚባል ማዕድን ቅንጣት አለ። በቅንጣቱ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በየቦታቸው ተቀምጠዋል፤ አፈሩ ላይ በረድፍ በረድፍ ነጥብ ነጥብ አደረገ። አንዱ ከቦታው ከተነሣ ክፍት ቦታ ይቀራል። ጎረቤቱ ዘሎ ይገባበታል፤ አሁን ክፍቱ የጎረቤቱ ቦታ ነው። ሌላው ደግሞ እዚያ ይገባል። ኤሌክትሮኖቹ እያንዳንዳቸው አንድ እርምጃ ወደዚህ ሲሉ ክፍት ቦታው ከዳር እስከ ዳር ወደዚያ ይጓዛል።

ጀማሉ እዚህ ላይ አልዋጥልህ አለው። የሌለ ነገር እንዴት ይሄዳል ብሎ ተከራከረ። ያረጋል ይሄዳል፣ ያውም ሳይንስ ቆጥሮታል፣ ክፍቱ ቦታ ራሱን የቻለ መንገደኛ ነው አለ። ከዚያ ከቦታው ተነሥቶ የሚንከራተተው ኤሌክትሮን ክፍት ቦታ ካገኘ ዘጭ ብሎ ይገባበታል፤ በዚያች ቅጽበት መንከራተቱም አለቀ፣ ክፍቱ ቦታም የለም፣ ሁለቱም ከመንገደኞች ቁጥር ይወጣሉ። የሚተርፈው ትንሽ ሙቀት ብቻ ነው። ራዲዮ የሚናገረው ታዝዘው የተነሡት ብቻ በሥርዓት ሲያልፉ ነው። ሙቀት ከበዛበት ግን ሳይታዘዙ የሚነሡት ይበዛሉ፤ የታዘዘው ካልታዘዘው አይለይም፤ ድምፁ ይታፈናል። ሲቀዘቅዝ ሁሉም እየተገናኘ ይቀመጣል፣ ነገሩ ይረጋል።

ያረጋል ነገ መጥቼ ለሽማግሌዎቹ ላስረዳልህ ወይ ብሎ ለመነው። ጀማሉ ያን ያህል አልጨከነም፤ ከሽማግሌዎቹ ሦስቱ ሰማንያ ያለፉ ናቸው። አመስግኖት ሄደ። ከሰማው ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ክፍት ቦታ መሄዱና ሙቀት ጠላት መሆኑ። ሐጂ ቤት ውስጥ ግን ምን ሙቀት አለ? ራዲዮውን ሁለቱንም ጊዜ ሱቁ ድረስ ያመጡለት ነበር እንጂ ቤታቸው ገብቶ አያውቅም።

እሑድ ጠዋት ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ሥር መሰብሰቡ ቀርቶ ሐጂ ቤት ገቡ፤ ትልቅ ክብ ቤት ነው፣ መሐሉ ላይ ምሰሶ፣ ከምሰሶው አጠገብ ምድጃ። በግድግዳው ዙሪያ በተደረደረው ረጅም መደብ ላይ በዕድሜያቸው ቅደም ተከተል ተቀመጡ። ከላይ ሐጂ ሙሀመድአወል፣ የነገሩ መሪ፤ ከዚያ ሐጂ ሽፋ፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ እስከ በሩ። ጀማሉ ተከሳሽ ነውና በሩ አጠገብ ቆመ። ሴቶቹ ከመጋረጃው ኋላ ናቸው።

ጀማሉ ዐይኑ እስኪላመድ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ራዲዮውን አየው።

ራዲዮው ከምድጃው አንድ ክንድ አይርቅም። ዱካ ላይ የበግ ቆዳ ተነጥፎለት፣ ቬሉውን ለብሶ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ነጠላ ደርቦ እሳት ይሞቃል። የክብር እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ ነው! እትዬ ዘይባ እንግዳን እሳት ዳር አስቀምጠው ካልሸፈኑ አከበርኩ የሚሉ ሴት አይደሉም። ጠዋት እሳቱ ሳይነድ ራዲዮው ይናገራል፤ አርብ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ፣ ለእንግዳ ደግሞ ግንድ በግንድ ላይ ሲጨመር፣ እሱም በነጠላው ሥር ይቀቀላል። ጀማሉ ደስታው ሊያስጮኸው ደረሰ። ድኛለሁ አለ በልቡ።

ወዲያው ሁለተኛው ሐሳብ መጣ፤ እሱ ደግሞ ደስታውን እንደ ውኃ አፈሰሰበት። ሕመሙ ሙቀት ብቻ ከነበረ፣ እሱ ያዳነው ምኑን ነው? ዋርካ ጥላ ሥር፣ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ፣ «ነገ ና»። ያቺ የእሱ ሱቅ ነበረች ሐኪሟ! ሙክቱን የበላው ለምኑ ነው? ከጥያ በበቅሎ የመጣውስ? ወይ ጉድ! ግድግዳውን ተደገፈ። ሲያዩት ወንጀለኛ መሰለ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ተያዩ።

ሐጂ ሽፋ ክሳቸውን አሰሙ። ሲናገሩ ቆዩ፤ የጂዳውን ነጋዴ ስም፣ የመርከቡን ማዕበል፣ የወልቂጤውን እንግዳ ቀልድ አንድም ሳያስቀሩ። እትዬ ዘይባ ደግሞ ይህን ያህል ሽማግሌ ቤታቸው ገብቶ እንዳይበርደው ብለው በመጋረጃው ሥር እየወጡ ግንድ ይጨምራሉ። የባሕር ዛፍ ግንድ ነው፤ ይንጣጣል። ከእሳቱ ትይዩ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ላብ አጠመቃቸው። ተነሥቶ መሸሽ ግን ነውር ነው፤ ቦታ በዕድሜ ነው የተሰጠው። መጀመሪያ ዱባለ የሚባሉት አዛውንት አልቻሉም፣ ጋቢያቸውን ገልጠው ብድግ አሉ። ክፍቱን ቦታ አጠገባቸው ያሉት ያዙት፤ እነሱም ተቃጥለው ብድግ አሉ። ሌላው ተነሣ። ትንሽ ቆይቶ ግማሹ ጉባኤ መሐል ወለሉ ላይ ቆሞ ይተራመሳል፣ መደቡ ላይ ክፍት ቦታው በዝቷል፣ ማን የማን ታላቅ እንደሆነ ጠፍቷል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራል። ሐጂ ሽፋ እየጮኹ ነው፤ የሚሰማቸው የለም።

ጀማሉ ይህንን አይቶ ያረጋል አፈር ላይ የሣለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባው። እሳቱን ዝቅ እንዲያደርጉለት ለመነ። ግንዶቹ ወጡ። ሙቀቱ በረድ ሲል ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ክፍት ቦታ እየፈለጉ እፎይ እያሉ ተቀመጡ። የቆመ ጠፋ፣ ክፍት ቦታም ጠፋ፣ ጸጥታ ሆነ። ሐጂ ሙሀመድአወል፣ ቃላቸው ጥቂት ነው፣ ወደ ጀማሉ ዞረው መልስህን ስጥ አሉት።

ጀማሉም እየተንተባተበ ጀመረ። አሁን እናንተ የሆናችሁት ነው በራዲዮው ሆድ ውስጥ የሚሆነው አላቸው። እዚያም በየቦታቸው የሚቀመጡ አሉ። ወሬ የሚያደርሱት ሲታዘዙ ብቻ እየተነሡ፣ ሥርዓታቸውን ጠብቀው ነው። እሳት ሲበዛባቸው ግን ያልታዘዘውም ይነሣል፣ ክፍት ቦታውም ይበዛል፣ ያን ጊዜ እንኳን ካይሮ የጎረቤት ድምፅም አይሰማም። ሲበርድላቸው የተነሣው ከክፍቱ ቦታ ጋር ይገናኛል፣ ነገሩም ይበርዳል። ዱባለ ይህን ሲሰሙ ለእነዚያ ለራዲዮው ሽማግሌዎች አዝነው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ሐጂ ሽፋ ግን ተረት ነው አሉ። ጀማሉም በተግባር ይታይ አለ። እኔ እጄን ወደኋላ አድርጌ እቆማለሁ፣ ራዲዮውን እንኳን አልነካም፣ አስማት አደረገበት እንዳትሉኝ አለ። መጀመሪያ ራዲዮው ባለበት እሳት ዳር ተከፈተ፤ ሽርርር ብቻ። ከዚያ አንዱ ከጓሮ ትኩስ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ አመጣ፤ ዝናብ የመታው፣ እጅ የሚያቀዘቅዝ። ሐጂ ሙሀመድአወል በገዛ እጃቸው ራዲዮውን ነጠላውንና ቬሉውን ገፈው፣ ከቆዳ ልብሱ አውጥተው፣ ጣሪያው ሥር በሩ ደጃፍ ላይ ቅጠሉ ላይ አስቀመጡት። ነፋሱ ይመታዋል።

ተጠበቀ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሩብ ሰዓት ለጀማሉ ከመርካቶው ሦስት ዓመት ይረዝማል። ራዲዮው ሽርርር ይላል። አንዱ ሽማግሌ ዝናቡ ነው የሚሰማው አለ፤ ሌላው ራዲዮው ነው አለ፤ ተከራከሩ። ጀማሉ በልቡ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረገ።  ከዚያ ከሽርርሩ ውስጥ የሰው ድምፅ የመሰለ ነገር ጎረነነ፤ ጎረነነና ጠራ፤ አንድ ሰው ስለ ዝንብ እያስተማረ ነበር። «...ስለዚህ ምግባችሁን ክደኑ» አለ ራዲዮው፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ቤቱ ሁሉ «ማሻ አላህ» አለ። ጀማሉ እንባው መጣ። ሌባ እንዳልሆነ ራዲዮው ራሱ መሰከረለት! ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር፤ እሱም እንደዚያው አስቦ ሊቀመጥ ዳር ዳር አለ።

ሐጂ ሙሀመድአወል ግን አልጨረሱም።

«አንድ ነገር ቀረኝ» አሉ። «በሽታው ሙቀት ከሆነ፣ ሁለት ጊዜ ያዳንከው በምን ነበር?»

እዚህ ላይ ነው ጉድ የፈላው።  ጀማሉ አንድ ዕቃ ለውጬለት ነው ቢል፣ ታዲያ የጂዳውን አውጥተህ ሌላ አግብተሃል፣ ያው ሌብነቱ ማለት ነው ይሉታል። ምንም አልነካሁም ቢል፣ በሩ ላይ በቀይ ቀለም የጻፈው፣ ሁለት ዓመት ሊቅ የተባለበት፣ ከጎረቤት ጋር የበላው ሙክት፣ ሁሉም እዚህ በሽማግሌ ፊት ይራገፋል። ከሌባና ከአላዋቂ አንዱን ምረጥ ነው ነገሩ። መድኃኒት የተባሉ እጆቹ አሁንም ከኋላው ናቸው። ብዙ አፍ ነበረው አላልኩም? አንድም አልመጣለትም።

«ምንም አላወጣሁም» አለ በመጨረሻ። «ምንምም አላገባሁም። አቧራ እፍ ብዬ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። ያዳነው ቅዝቃዜው ነው። እኔ ግን እኔ መስሎኝ ነበር።»

 ራዲዮው ብቻ ስለ ዝንብ ያስተምራል።

«ሙክቱንስ?» አሉ ዱባለ።

«በልተነዋል።»

አንዱን ሽማግሌ ሳል መሰል ነገር አሳለው፤ ሌላው ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ፤ ሣቅ ነው፣ በሽማግሌ ወግ የታፈነ ሣቅ። ጀማሉ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሐጂ ሽፋም ቀዳዳ አገኙ! ድምፃቸው ከፍ አለ፤ እንግዲያው ሌባ ባይሆን አታላይ ነው፣ የማያውቀውን አውቃለሁ እያለ ሁለት ጊዜ አላገጠብኝ፣ ሰው የማያውቀውን አላውቅም ማለት ምን ይከብደዋል እያሉ ጣታቸውን ቀሰሩ።

ያን ጊዜ ነው ከመጋረጃው ኋላ የእትዬ ዘይባ ድምፅ የመጣው። ቁጣም የለውም፤ ጨው አቀብለኝ እንደሚል ሰው ነው።

«ሐጂ፣ አንተስ የምትለው የለህም?»

ሐጂ ሽፋ ጣታቸው እንደተቀሰረ ቀረ። በቡታጅራ ገበያ ማንም በዋጋ ያልረታቸው ሰው ፊታቸው እንደ ደረቀ በርበሬ ቀላ። ሐጂ ሙሀመድአወል ምንድነው ነገሩ አሉ።  እንደገና ጠየቁ። ሐጂ ሽፋ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ምሰሶውን አዩ፣ ምድጃውን አዩ። ከመጋረጃው ኋላ ዝምታ አለ፤ ምን ዓይነት ዝምታ እንደሆነ ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለተኛው ሕመም በኋላ እትዬ ዘይባ ለባላቸው ነግረዋቸው ነበር። እኔ ቤት ነው የምውለው፣ ይሄ ራዲዮ እሳት ሳይነድ ይናገራል፣ እሳት ሲነድ ዝም ይላል፣ የክብሩን ቦታ እኔው ነኝ የሰጠሁት፣ ያለ ቦታው አስቀምጬው ይሆን፣ ወደ በሩ ላውጣው ወይ ብለው ጠይቀዋል። ሐጂም አንቺ ስለ ራዲዮ ምን ታውቂያለሽ አሏቸው። ያም ይሁን፤ ሰው ይሳሳታል። ግን አንድ ቀን ጠዋት፣ ባለቤታቸው እሳቱን አንድደው ገበያ ሄደው ሳለ፣ ሐጂ ለብቻቸው ራዲዮውን ወደ በሩ አውጥተው ሞክረዋል። ተናገረ። እሳት ዳር መለሱት። ዝም አለ። አወቁት እንግዲህ! ግን ቦታውን ማዛወር ለሚስት መረታት ሆነባቸውና እዚያው እሳት ዳር ተዉት፤ በወልቂጤዎቹ ፊት ያዋረዳቸውም ይኸው ነው። አውቀውም ሚስቴ ልክ ነበረች ከማለት ልጁ ሰረቀኝ ማለት ቀለላቸው።

ሐጂ ሽፋ ይህንን ሲናገሩ ላባቸው ይወርዳል፤ እሳቱ ግን ጠፍቷል። ሲጨርሱ ማንም አልሣቀም። ጀማሉ ይናደዳል ብላችሁ ይሆናል፤ የገረመው ግን ይኼ ትልቅ ሰው ልክ እንደሱ መሆኑ ነው። ሁለቱም እውነቱን ለመናገር ስማቸውን ፈርተው ነበር።

ሐጂ ሽፋ ከተቀመጡበት ተነሡ። ትልቅ ሰው ሲነሣ ጉባኤው ሁሉ አብሮ ተነሣ። ወደ በሩ መጥተው ጀማሉ ፊት ቆሙ።

«ሌባ ያልኩህ አገር ሰምቶ ነው» አሉት። «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ የምልህም አገር እየሰማ ነው። ማክሰኞ ገበያ ጠብቀኝ።»

ጀማሉ አፉ ብያለሁ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም አለ። ማን ሰምቶት። ሐጂ ቃላቸው አንድ ነው ብያለሁ።

ማክሰኞ ገበያው ሞልቶ ሳለ ሐጂ ሽፋ ጀማሉን የእጁን አንጓ ይዘው ከበርበሬ ተራ ጀመሩ። እያንዳንዱ ነጋዴ ፊት ይቆማሉ። ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ከዚያ ሦስት ነገር ይናገራሉ፣ እንደ ሚዛን ድንጋይ አንድ በአንድ እያስቀመጡ። አንደኛ፣ ይህ ልጅ ሌባ አይደለም፣ ከራዲዮዬ ያወጣው ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ያዳነውም ነገር የለም፣ ያዳነው ቅዝቃዜ ነው፣ ራዲዮአችሁን ከእሳት አርቁ። ሦስተኛ፣ ይህንን ዘይባ አስቀድማ ነግራኛለች፣ እኔ አውቄ ደብቄያለሁ።

ከበርበሬ ተራ ወደ ቅቤ ተራ፣ ከቅቤ ተራ ወደ ከብት ተራ አለፉ። ሰው ያዳምጣል፣ ጀማሉን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል፣ በሁለተኛው ላይ ፈገግ ይላል፣ በሦስተኛው ላይ ዐይኑን መሬት ይተክላል። ሰፍያም ሰማች፣ ልብስ ሰፊውም ሰማ። ጀማሉ የመጀመሪያውን ሲሰማ ቀና ይላል፣ ሁለተኛው ሲመጣ እንደገና ያቀረቅራል። በጨው ተራ ሲደርሱ አላስቻለውም፤ ወደ ሐጂ ጆሮ ጠጋ ብሎ ቀስ ብሎ ለመናቸው።

«ሐጂ፣ አንደኛው ይበቃኛል። ሁለተኛውን ቢተዉልኝስ?»

ሐጂ ሽፋ ቆሙ። እጁን አልለቀቁም። ዐይናቸው ደፍርሷል፤ የእንቅልፍ ይሁን የሌላ እንጃ።

«እኔ ሦስተኛውን እያወራሁ» አሉት፣ «አንተ በሁለተኛው ታፍራለህ?»

 ጀማሉ ራሱ ቀድሞ ወደሚቀጥለው ነጋዴ ሄደ፤ ሰላምታ ሰጠና ሁለተኛውን በገዛ አፉ ተናገረ።